መቼ ትበስላለች?

ከጋሮን ወንዝ ማዶ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ሲልቬር መጣ ማልዶ፣ ሊለካና ሊጽፍ።
በግራው መለኪያ፣ በቀኙ ወረቀት፣
ያረጀ ዛፍ ሁሉ ስሙ ሳይጠፋበት።

ኦርታንስን አገኛት ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ፣
የወደቀውን ለቅማ፣ በሽርጧ ጠቅልላ።

«ስሟ?»
«ካቲያክ።»
«ዕድሜዋ?»
«እኔ ሙሽራ ስገባ ጥላዋ ጓሮውን ሞልቶ ነበር፤
አማቴን ጠየቅኋት። እሷም ሙሽራ ስትመጣ
እንዲሁ ሞልቶ ነበር።»
«ቁመቷ?»
«ቁመቷን ተወው፣ ወርዷን ለካ።»
ለካ።
እንደ ሌሎቹ ፒሮች አንገት የላትም ለካ!
እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ፣ ከታች ተዘርፍጣ፣
ስድስት መቶ አርባ ግራም፣ መዳፉ ላይ ተቀምጣ።

ቆዳዋ አረንጓዴ፤ ፀሐይ ባየው ጉንጯ ዝገት፣
ግንባሯ ላይ ነጠብጣብ፣ የወላድ ሴት ማዲያት።
(የመጨረሻውን አልጻፈም፤ እሷ ናት ያለችው።)
የተንጠለጠለችበት እትብት ወፍራም ነው፣ ጎባጣ፤
ዓይኗ ከሥሯ ነው፣ ክፍት፣ እንቅልፍ ያጣ።

ከዚያ ሥጋዋን ሊጽፍ፣ በሰንጢ ቆርሶ ቀመሰ፤
ፊቱ ተጨማደደ፣ ምላሱን በእጅጌው አበሰ።
«ነጭ። ጠጣር። አሸዋ አሸዋ የሚል። አፍ የሚያስር» አለ፤
«ለመብል አትሆንም» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ መስመር አከለ።
ኦርታንስ በትከሻው በኩል አየች። ዝም አለች።
አንድ ቅጠል ከጸጉሯ አነሳች፣ ጣለች።

«መቼ ትበስላለች?»
«የት?»
(በነሱ አፍ ቃሉ ሁለት ነው፤ ለዛፉ ሌላ፣ ለድስቱ ሌላ አለው፤
እኔ በራሴ ልንገርላት፣ የኛ አንዱ ቃል ሁለቱን አዘለው።)
«እንዴት የት?»
«በዛፉ ላይ ከሆነ፣ አትበስልም። ጥቅምት ሳያልቅ ትለቀማለች።
ቆጥ ላይ፣ ገለባ ውስጥ፣ ብርዱን ጥርሷን ነክሳ ትከርማለች፤
ትንሣኤ ሲመጣ ያው ናት። በእሳት ከሆነ ግን፣
ማታ ነው። ጭቃህን ጥረግና ግባ፤ እንጨትም ፍለጥልን።»

ላጠች፣ ለአራት ከፈለች። ውሃ፣ ጥቂት ስኳር፣ ሦስት ቅርንፉድ።
ድስቱን ከድና ከምድጃው ዳር ተወችው፣ እሳቱ ቀስ ብሎ ሲነድ።

አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለት። በመሃል ወሬ ጀመረች፦
«አበባዋ ሰፊ ነው፣ ነጭ፤
ግን ለሌላ ዛፍ የምታዋሰው ብናኝ የላትም፣
ለራሷም ሁለት ጎረቤት ትሻለች።
የኤሉዋ ልጆች ወይን ሊተክሉ የነሱን ሲቆርጡ፣
ሁለት ዓመት ፍሬ አልሰጠች።
በሦስተኛው ምን አደረግሁ? ማዶ መንደር ዞሬ፣
ያበበ ቅርንጫፍ ለምኜ፣ በባልዲ ውሃ ነክሬ፣
በብስክሌት አመጣሁ፤ ከሥሯ አቆምኩ፣
ንቦቹ እንዲሳሳቱ። ሰው ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ።»

በአራተኛው ሰዓት ክዳኑን ከፈተች።
ያ እንጨት የመሰለው ሥጋ ጽጌረዳ መስሏል።
በስድስተኛው፣ ጽጌረዳው ወደ ሮማን ጠልቋል።
«ወይን ጨምረሽበታል» አላት።
«ጠርሙሱን ፈልገው፤
ቀዩ የራሷ ነው።
ያ አፍህን ያሰረው፣
እሱው ነው እሳት ሲያገኘው የቀላው።»

በማንኪያ በላ። ሥጋዋ ቅርጿን አልለቀቀም፤
አሸዋው የት እንደገባ አላወቀም።
ሳህኑን ጠረገው። ከዚያ የድስቱን ክዳን።

ሲመሽ ሁለት ጥሬ ፍሬ ካፖርቱ ኪስ ከተተችለት፤
«አትቸኩልባቸው» አለች። ስለ ቅጹ አላነሳችለት።

ባቡሩ ሲነቃነቅ ጉልበቱን ይመቱታል፣ እንደ ድንጋይ።
ቅጹን ዘረጋ፣ በአምፖሉ ብርሃን ሊያይ፦
«መቼ ትበስላለች» ከሚለው ፊት ያለው ሣጥን ባዶ ነው፤
የወር ስም ብቻ ነው የሚጠይቀው።
«ለመብል አትሆንም» የሚለው ላይ ግን አንዲት ጠብታ፣ ቀይ፣
ገና ያልደረቀች።
በጣቱ ነካት።
ላሳት።